«አመሏ ነው» እያልን የምናልፈው የድመት አበላል

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል። ተረቱ ደስ ይላል። ግን ድመታችን ምግብ ላይ ስትቀያየር ሁሉን ነገር አመል እያልን እንድናልፍ ሳያደርገን አልቀረም።

«ኩርፊያ ነው፣ ሲርባት ትበላለች።»
ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ድመት ሁለት ሦስት ቀን ካልበላች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ በሰውነቷ የተከማቸው ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል። ጉበቷ አይችለውም። ዓይኗና ድዷ ቢጫ ይሆናል፤ ካልታከመች ትሞታለች። ስለዚህ 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። ግልገል ከሆነች ያን ያህልም አይጠበቅም። እስከዚያው ምግቡን ለብ አድርጉላት፤ ድመት መጀመሪያ የምትበላው በአፍንጫዋ ነው። በግድ መጋት ግን ትን ያስብላታል፣ ምግቡንም ያስጠላታል።

«ጾም ነው፣ እሷም ሽሮ ትብላ።»
የሁዳዴን 55 ቀን እኛ እንጹም፤ እሷ ንስሐ አባት የላትም። ድመት ሥጋ በል ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራም፤ ከሥጋና ከዓሣ ነው የምታገኘው። ለረጅም ጊዜ ሲጎድላት ዓይኗ ይጎዳል፣ ልቧም ይደክማል። የልቡ ነገር የታወቀው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1987 ነው። ሽሮው ላይ ደግሞ ቁሌቱ አለ። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሏን ያፈርሳል።

«ብዙ ትበላለች፣ ስለዚህ ጤነኛ ናት።»
እየበላች ከከሳች አይደለችም። የሆድ ትላትል ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜዋ ከ10 ዓመት ካለፈ ደግሞ ታይሮይድ የሚባለው የአንገቷ ዕጢ ከልክ በላይ መሥራቱ ይጠረጠራል። በየወሩ አቅፋችኋት ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ኪሎ ቀንሱ።

«ክር ማኘክ ጨዋታ ነው።»
የድመት ምላስ እሾኹ ወደ ኋላ የዞረ ነው። አንዴ የገባ ክር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይልም፤ አንጀቷን ሊሰበስበውና ሊቆርጠው ይችላል። ጫፉ በአፏ ወይም በኋላዋ ቢታያችሁ እንዳትጎትቱት! ሐኪም ጋ ውሰዷት። የልብስ ስፌት ያለበት ቤት መርፌና ክሩን ይክደን።

«ወተት ለድመት።»
አብዛኞቹን ትልልቅ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል። ውሃ ይበቃል።

«ሣር ከበላች ታማለች።»
ጤነኛዋም ትበላለች፣ ተዉአት። ፀረ ተባይ ያልተረጨበት ይሁን እንጂ። ሳሎን ያስቀመጣችሁትን የሊሊ አበባ ግን ዛሬውኑ አውጡት፤ ብናኙን ከጸጉሯ ላይ መላሷ ብቻ ኩላሊቷን ሊያጠፋው ይችላል።