የቃል ስሌት ምንድን ነው?

47 ሲደመር 38 ስንት ነው? ወረቀት ሳያነሡ፣ ስልክ ሳይነኩ መልሱን በጭንቅላት ማግኘት የቃል ስሌት ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ችሎታ አብሮ የሚወለድ ስጦታ አድርጎ ያየዋል። «እኔ ሒሳብ አይሆንልኝም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ፍጥነት የሚመጣው ከመንገድ አመራረጥ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው የወረቀቱን ዘዴ እንዳለ ወደ ጭንቅላት ስናስገባ ነው። ወረቀት ላይ ስንደምር ከቀኝ እንነሣለን። 7 ሲደመር 8፣ 15። 5 ጽፈን 1 እንይዛለን። የተጻፈው 5 የትም አይሄድም። በጭንቅላት ሲሆን ግን 5ቱንም፣ የያዝነውን 1ም፣ ገና ያልደመርናቸውን 4 እና 3ም አንድ ላይ ማስታወስ ሊኖርብን ነው። አእምሮ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነገር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ መጠኑን 7 ገደማ አድርጎት ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ወደ 4 ዝቅ አድርገውታል።

ስለዚህ ፈጣን የሚባሉት ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ሸክሙን ማቅለል ነው። ከግራ ይጀምራሉ። 47 ላይ 30 ሲጨመር 77፣ 8 ሲጨመር 85። በየእርምጃው የሚያዘው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። መሃል ላይ ሰው ቢያቋርጣችሁ እንኳ መልሱ 80 አካባቢ እንደሆነ ቀድሞ ገብቷችኋል።

ቀጥሎ ያለው እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው፤ ጥያቄውን ራሱን መቀየር። 98 ሲባዛ በ7 ቢሏችሁ 98ን ለምን ትነኩታላችሁ? 100 ሲባዛ በ7፣ 700 ነው። ሁለት ሰባት ትርፍ ስለወሰድን 14 እንቀንሳለን፤ 686። 83 ሲቀነስ 47 ደግሞ መቀነስ አያስፈልገውም፤ ከ47 ወደ 83 መቁጠር ይበቃል። እስከ 50 ድረስ 3፣ ከዚያ እስከ 83 ድረስ 33፣ በድምሩ 36። በ25 ማባዛትም እንዲሁ ነው። 25 የ100 ሩብ ስለሆነ 68ን ለ4 አካፍላችሁ 17፣ በ100 አባዝታችሁ 1700።

በመቶኛ ላይ ያለው ደግሞ ይበልጥ ያስደስታል። የ25 ቁጥር 16 በመቶ ስንት ነው? ሲሰሙት ይከብዳል። ገልብጡት። የ16 ቁጥር 25 በመቶ፣ ማለትም የ16 ሩብ፣ 4 ነው። ሁለቱም 16 በ25 ተባዝቶ ለ100 መካፈሉ ስለሆነ መልሱ ሁሌም አንድ ነው።

48 ሲባዛ በ52ስ? ሁለቱም ከ50 በ2 ይርቃሉ፤ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ። 50 በ50፣ 2500 ነው። ከዚያ ላይ 2 በ2፣ ማለትም 4 ሲነሣ 2496። ቁጥሮቹ ከመሃሉ እኩል እስከራቁ ድረስ ይሠራል። 19 በ21ን ሞክሩት፤ 400 ሲቀነስ 1፣ 399።

እነዚህ ሁሉ የሚቆሙበት መሠረት አለ። የማባዣ ሰንጠረዡ ሳይታሰብ ከአፍ መውጣት አለበት። 6 በ7ን ለማግኘት ቆም የሚል ሰው፣ ያንን እስኪያገኝ የያዘው ቁጥር ይጠፋበታል። ይህን የሚተካ አቋራጭ የለም፤ በቃል መያዝ ነው።

ልምምድ የት ድረስ እንደሚያደርስ ማየት የሚፈልግ ሕንዳዊቷን ሻኩንታላ ዴቪን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1980 ለንደን ውስጥ በኢምፔሪያል ኮሌጅ እያንዳንዳቸው 13 አሃዝ ያላቸውን ሁለት ቁጥሮች በ28 ሰከንድ አባዝታለች። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሶሮባን በሚባለው የዶቃ መቁጠሪያ የሠለጠኑ ልጆች፣ ውሎ አድሮ መቁጠሪያውን ትተው ዶቃዎቹን በሐሳባቸው ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። አንዳንዶቹ ሲያሰሉ ጣታቸው አየር ላይ ሲንቀሳቀስ ይታያል።

የቀረው መልስን መፈተሽ ነው። 46 በ23፣ 1058 አገኘን እንበል። የእያንዳንዱን ቁጥር አሃዞች አንድ አሃዝ እስኪቀር ደምሩ። 46 ወደ 1፣ 23 ወደ 5 ይወርዳል፤ ሲባዙ 5። 1058ም 14 ሆኖ ወደ 5 ይወርዳል። ባይገጥም ኖሮ ስሕተት መኖሩ እርግጥ ነበር። ሲገጥም ግን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም፤ አሃዞቹን አዟዙራችሁ 1085 ብትሉም ያልፋል። ስለዚህ ከግምት ጋር አብራችሁ ተጠቀሙበት። 46 በ20 ብቻ 920 ነው፤ ላዩ ላይ ሦስት 46 ይጨመራል፣ ያውም ከ150 ያንሳል። መልሱ ከ1070 ሊበልጥ አይችልም፤ 1085 እዚህ ላይ ይወድቃል።