ቅሬና ዕቁብ በግራፍ ሲተነተኑ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በግራፍ ሰው ነጥብ ነው፤ ግንኙነቱ መስመር። ቀላል ስለሚመስል ብዙዎች መረጃውን ሰዎችን በቡድን ለሚከፍል ፕሮግራም ሰጥተው የወጣላቸውን ቡድን እንዳለ ይቀበላሉ። ስህተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ቀድሞ፣ መስመሩ ሲሰመር ነው።

«የአንድ ቅሬ አባላትን እርስ በርስ ማገናኘት ይበቃል»

አይበቃም፤ ከሁሉ የከፋው ስህተትም ይኸው ነው። ወሎ ውስጥ ቀብርና ሐዘንን በጋራ የሚሸከም 200 አባላት ያሉት ቅሬ አለ እንበል። ሁሉም ከሁሉም ጋር ሲገናኝ 19,900 መስመር ይወጣል። የ10 ሰው ዕቁብ ግን 45 ብቻ አለው። በየሳምንቱ በገንዘብ የሚተማመኑት ዐሥሩ በቅሬው ብዛት ይዋጣሉ።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ነጥብ ያዙ፦ በአንድ ወገን ሰው፣ በሌላው ወገን ማኅበር። መስመሩ ከሰው ወደ ማኅበር ብቻ ይሂድ። ሰውን ከሰው ማገናኘት ግድ ከሆነ ከአባላቱ ቁጥር አንድ ቀንሱና አንድን ለውጤቱ አካፍሉ፤ ያ የመስመሩ ክብደት ነው። ለዕቁቡ 1/9፣ ለቅሬው 1/199 ይደርሳል። በሁለቱም የሚገናኙ ሰዎች ክብደት ይደመራል።

«ብዙ መስመር ያለው ሰው ዋናው ነው»

የባቲን የሰኞ ገበያ አስቡ፤ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኙበት ነው። አፋርኛም አማርኛም የሚችል ደላላ አምስት መስመር ብቻ ሊኖረው ይችላል። እሱ ከግራፉ ቢወጣ ግን ሁለት ወገን ሊቆራረጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ለማግኘት የሚቆጠረው በሌሎች መካከል ባሉ አጭር መንገዶች ላይ ምን ያህል እንደሚገኝ ነው።

«ሁሉንም በሰንጠረዥ መያዝ ይቻላል»

እያንዳንዱ ሰው በረድፍም በዓምድም ስለሚገባ ለ10,000 ሰው 100 ሚሊዮን ሳጥን ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ባዶ ነው። 50,000 መስመር ካለ በጎረቤት ዝርዝር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሰው የሚገናኛቸውን ብቻ በመጻፍ፣ 100,000 ምዝገባ ይበቃል።

«ፕሮግራሙ ያወጣው ቡድን እውነተኛው ነው»

ዌይን ዛካሪ በ1977 እ.ኤ.አ. ጥናቱን ያሳተመበት የካራቴ ክበብ 34 አባላት ነበሩት፤ የተከፈለውም ለሁለት ነው። በቡድኖቹ ውስጥ ያለው መስመር በአጋጣሚ ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚለካው ሞዱላሪቲ ከፍተኛ ነጥብ የሚሰጠው ግን ለአራት ቡድን ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሉቬን የተባለው ቡድን ማውጫ ዘዴ ደግሞ ነጥቦቹን በሚያይበት ቅደም ተከተል መሠረት ውጤቱን ሊቀያይር፣ አልፎ ተርፎም እርስ በርስ የማይገናኙ ሰዎችን በአንድ ቡድን ሊያስቀምጥ ይችላል። ሁለተኛውን ጉድለት የ2019ኙ (እ.ኤ.አ.) ላይደን የተባለ ዘዴ አርሞታል፤ የመጀመሪያው ስላልቀረ ግን 20 ጊዜ ያህል አስኬዱትና ሁልጊዜ አብረው የሚወጡትን ብቻ እመኑ።

ሉቬንም ላይደንም አንድን ሰው በአንድ ቡድን ብቻ ይመድባሉ። ቅሬም ዕቁብም ያለውን ሰው የትኛው ቡድን እንደወሰደው ሳታዩ ውጤቱን ለማንም አታሳዩ።