ክሬብ ምንድን ነው? ጂን ለትውስታ የሚነበብበት መንገድ

የአንድ ዝንብ ህዋሶች የሚይዙት ጂን አንድ ዓይነት ነው። የዓይኗን ህዋስ ከአንጎሏ ህዋስ የሚለየው የትኞቹ ጂኖች መነበባቸው ነው፤ ይህ የጂን ቁጥጥር ይባላል። ክሬብ ደግሞ በህዋሱ አስኳል ውስጥ ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ ይህን ንባብ ከሚያስጀምሩት ፕሮቲኖች አንዱ ነው። ጂን ሲባል ብዙዎቻችን ከወላጅ የተወረሰ መልክ ብቻ ይታየናል። የትናንቱን ለማስታወስም ጂን መነበብ እንዳለበት አጥርተው ካሳዩን እንስሳት አንዷ የፍራፍሬ ዝንብ፣ ድሮሶፊላ፣ ናት።

ሙከራው እንዲህ ነው። ዝንቧ ቱቦ ውስጥ አንድ ሽታ እየሸተታት ኤሌክትሪክ ይነዝራታል። ቀጥሎ ሌላ ሽታ ይለቀቃል፤ ንዝረት ግን የለም። ኋላ ሁለቱ ሽታዎች ከግራና ከቀኝ ሲመጡባት የነዘራትን ትሸሻለች። አንዴ ብቻ የተማረችው በአንድ ቀን ውስጥ አብዛኛው ይጠፋባታል። 10 ጊዜ በተከታታይ ብትማርም ከጥቂት ቀናት አይዘልቅም። ያንኑ 10 ትምህርት በየመሃሉ 15 ደቂቃ እያረፈች ስትወስድ ግን ቢያንስ ለሳምንት ታስታውሳለች። ዕድሜዋ በወራት ለሚቆጠር ፍጡር ይህ ትልቅ ነገር ነው! ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግድ መድኃኒት ከተሰጣት ይህ ዕረፍት ያመጣው ትርፍ ይጠፋባታል።

በአንጎሏ ውስጥ ሽታው የእንጉዳይ አካል በሚባለው ክፍል ጥቂት ህዋሶችን ያነቃል፤ የንዝረቱን ዜና ዶፓሚን የተባለ የነርቮች መልእክት አድራሽ ኬሚካል ያደርሳል። ሁለቱ አንድ ህዋስ ላይ ሲገጣጠሙ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ይበዛል፤ እሱም ፒኬኤ የተባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል። ምልክቱ እየተደጋገመ አስኳሉ ድረስ ሲደርስ ክሬብ ይነቃል፣ ጂኖች ይነበባሉ፣ የሚሠሩት ፕሮቲኖችም ነርቮቹ የሚገናኙበትን ቦታ ይለውጣሉ።

በ1994 እ.ኤ.አ. ጄሪ ዪን፣ ቲም ተሊና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ሙከራ በጣም ይማርከኛል። ሲሞቁ ብቻ ክሬብን የሚያግድ ፕሮቲን የሚያመርቱ ዝንቦችን አዘጋጁ። ዝንቦቹ ሞቀው ሲሠለጥኑ ትምህርቱን እንደ ሌሎቹ ተቀበሉ። በማግስቱ ግን እያረፉ የተማሩት ሳያርፉ ከተማሩት የተሻለ አላስታወሱም። የመማር ችሎታቸው አልተነካም፤ የጠፋው ትምህርቱን ማቆየት ብቻ ነው።

ማቆየቱ ደግሞ በክሬብ ብቻ አያልቅም። ኦርብ2 የተባለ ፕሮቲን በነርቮቹ መገናኛ ላይ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይከማቻል፣ እዚያው ፕሮቲን መሠራቱ እንዲቀጥልም ያግዛል። ይህ መያያዝ የተዳከመባቸው ዝንቦች ይማራሉ፤ ትውስታቸው ግን ለቀናት አይዘልቅላቸውም።