የናፍጣ ሞተር ማቃጠያ ክፍል ምንድን ነው?

ባጭሩ፣ ፒስተኑ (ሲሊንደር በሚባለው ቱቦ ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለሰው ብረት) ሽቅብ ወጥቶ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የምትቀረው ጠባብ ቦታ ናት። ናፍጣው የሚነደው እዚያች ውስጥ ነው። ጣጣው ያለው ቅርጿ ላይ ነው።

ናፍጣ ሞተር ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው አየር ብቻ ነው። አየሩ ታምቆ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግልና ናፍጣው በመጨረሻዋ ቅጽበት ይረጭበታል። ለመትነንም ከአየር ጋር ለመገናኘትም ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ አየሩ ራሱ እየተሽከረከረ መጠበቅ አለበት፣ ይህን ደግሞ በዋናነት የሚወስነው የክፍሏ ቅርጽ ነው። አየር ያላገኘ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ገንዘባችሁ ነው እንግዲህ የሚጨሰው።

የድሮ ዶልፊን ሚኒባስ 3ኤል ሞተር ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ተፈትቶ ቢገለበጥ፣ ለየሲሊንደሩ በጠባብ ቀዳዳ ከሱ ጋር የምትገናኝ ትንሽ ክፍል ታገኛላችሁ። ይህን ዓይነቷን ክፍል እንግሊዛዊው ሃሪ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ «ኮሜት» ብሎ አስተዋውቋታል። አየሩ በቀዳዳዋ ተገፍቶ ሲገባ ይሽከረከራል፣ እሳቱም እዚያው ተነስቶ ወደ ሲሊንደሩ ይወጣል። ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓ ብዙ ግፊት አይጠየቅም፣ ድምፁ ለስለስ ይላል፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ናፍጣም ይችላል። የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር በገጠር መንገድ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ግን የክፍሏ ግድግዳ ሙቀት ይሰርቃል። በብርድ ጠዋት ክፍሏን የሚያሞቀው ካንዴላ እስኪግል መጠበቅ ግድ ነው፣ ናፍጣም ይበላል።

አዲሶቹ ሞተሮች ክፍሏን አንስተው ፒስተኑ አናት ላይ ጎድጓዳ ሠርተዋል፤ መሃሉ ጉብ ያለ ነው። ናፍጣው በቀጥታ እዚያው ይረጫል። ሙቀቱ ስለማይባክን ፍጆታው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። ለኔ ይሄኛው ይሻላል፣ ግን ይቅር የማይል ሞተር ነው። ከ1,000 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ በሆነ ግፊት ናፍጣውን የሚረጭ ኢንጀክተርና ንጹህ ናፍጣ ይፈልጋል።

ጋራዥ ውስጥ «ይገጥማል» ተብሎ የሌላ ሞዴል ፒስተን ሲገባ ችግር የሚመጣውም በዚሁ በቅርጹ ምክንያት ነው። መግጠሙን ይገጥማል፣ የሚረጨው ናፍጣ ግን ጎድጓዳውን ስቶ ጠርዙን ይመታል። ጭሱ ይበዛል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሲብስ ፒስተኑ ይሰነጠቃል። የቴስታታ ጋስኬትም (በቴስታታውና በሲሊንደሮቹ መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ቢሆን ውፍረቱ ብዙ ዓይነት ነው፤ አሮጌው ጋስኬት ጠርዝ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ወይም ቁርጦች ቆጥራችሁ ግዙ።