«ማደንዘዣው ጉበቴን ይጨርሰዋል»፦ ከኦፕራሲዮን በፊት ጅማ ላይ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአጋሮ የመጡ አንዲት እናት በማግስቱ ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ሊገቡ ነው። ማታ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። የሰመመን ባለሙያ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ መርፌው የሚመጣው ከጥያቄው በኋላ ነው። ስኳር? የለም። ደም ግፊት? የለም። ሌላ ሕመም? የለም። የሻርፓቸው ጫፍ ላይ ግን አንድ ነገር ተቋጥሯል። ገንዘብ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሲፈቱት አራት ቦታ የታጠፈ የአልትራሳውንድ ውጤት ሆኖ ተገኘ፤ ጉበታቸው ላይ ስብ እንዳለ ይናገራል። ለምን እንደደበቁኝ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ጎረቤቴ ‘ይህን ካዩ አያደነዝዙሽም፤ ቢያደነዝዙሽም አትነቂም’ ብላኛለች» አሉኝ።

ጎረቤቲቱን አልወቅሳትም። ሰው ተኝቶ የሚያልፈውን ነገር ምስክር ሆኖ ሊተርከው አይችልም፤ ስለዚህ የኦፕራሲዮን ክፍል ወሬ ከአዌቱ ድልድይ እስከ ጅሬን ሲደርስ ሌላ መልክ ይዞ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«የጉበት ስብ የጠጪ በሽታ ነው»

እኚያ እናት ወረቀቱን የደበቁት በፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ኀፍረትም ነበረበት። «ወላሂ፣ ጠላ እንኳን ቀምሼ አላውቅም። ልጆቼ ይህን ቢያነቡ ምን ይሉኛል?» አሉኝ። አልኮል ጉበትን በስብ እንደሚሞላ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ጠብታ ሳይቀምስ ጉበቱ ስብ የያዘ ሰው እጅግ ብዙ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ10 አዋቂዎች ወደ 3 የሚጠጉት ከመጠጥ ጋር ያልተያያዘው ዓይነት አለባቸው።

ዋናው መነሻ ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ኢንሱሊን መታዘዝ መተዉ ነው። ያኔ ከምግብ የተረፈው ስኳር ጉበት ውስጥ ወደ ስብ ይለወጣል፤ ከሆድ ዙሪያ የሚለቀቀው ስብም እዚያው ይራገፋል። ከ100 የጉበት ሴሎች ስብ የቋጠሩት ከ5 ካለፉ በሽታው አለ ይባላል። ዓይነት 2 ስኳር፣ የሆድ ውፍረትና የደም ቅባት አብረውት ይጓዛሉ። በእኛ ከተማ ደግሞ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚገባበት ሻይ አለ። በርጫ ላይ በጠርሙስ በጠርሙስ የሚወርደው ለስላሳም አለ። መጠጥ በማያውቅ ቤት ስኳር ያለ ሀሜት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት «ከአልኮል ውጪ» የሚለውን የቆየ ስም ጥለው በሽታውን ከሰውነት የኃይል አጠቃቀም መዛባት ጋር በሚያያይዝ ስም ተክተውታል። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የኀፍረት ጉዳይ ነበር።

ቀጭን ነኝ ብሎ መዝናናትም አያዋጣም፤ ቀጫጭን ሰዎችም ይይዛቸዋል። «ምንም አላመመኝም» ማለትም ማስረጃ አይሆንም፤ አብዛኛው ሰው የሚሰማው ነገር የለም፣ የደም ምርመራውም ደህና ሊመስል ይችላል። አልትራሳውንድ ራሱ ስቡ ጥቂት ሲሆን ያልፈዋል።

የሚያስደስተው ጉበት ይቅር ባይ መሆኑ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ቢቀንስ ስቡ ይቀንሳል፤ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ቢቀንስ የጉበቱ መቆጣትም ይበርዳል። ይህ ግን በወራት እንጂ በሳምንታት መሆን የለበትም፤ በጣም ፈጥኖ መክሳት ራሱ የሐሞት ጠጠር ያመጣል።

«ጉበት ካለበት ሰው ጋር አንድ ገበታ አይቀረብም»

በሰፈር ቋንቋ «ጉበት አለበት» ሲባል ሄፓታይተስ፣ ማለትም በቫይረስ የሚመጣው የጉበት በሽታ ማለት ነው። የጉበት ስብ ግን አይተላለፍም። ለነገሩ ሄፓታይተስ «ቢ»ም ቢሆን የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ እንጂ በጋራ ገበታና በስኒ አይደለም። ስኒ የምትለዩ ዘመዶች፣ ልብ መስበሩ ይቅርባችሁ።

«ስብ ያለበት ጉበት ሰመመን አይችልም»

ይህ ወሬ ከባዶ አልተነሣም። ሃሎቴን የሚባለው የሚተነፈስ ማደንዘዣ እ.ኤ.አ. በ1956 ለሕክምና ሲውል እንደ ተአምር ተቆጥሮ ነበር፤ እንደ ቀደመው ኤተር በእሳት አይያያዝም፣ ሽታውም አያስመርርም። ብዙም ሳይቆይ ግን ከኦፕራሲዮን ቀናት በኋላ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ጉበታቸው ተቃጥሎ የሞቱ ሰዎች ታሪክ መሰማት ጀመረ። ጥያቄው «ሃሎቴን ነው ወይስ ሌላ?» የሚል ሆነ። አሜሪካ ውስጥ በ34 ሆስፒታሎች ከ1959 እስከ 1962 የተሰጡ ከ850,000 በላይ ሰመመኖች ተመርምረው ውጤቱ በ1966 ወጣ። ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት የጉበት ሞት እጅግ ጥቂት ነበር፤ በአጠቃላይ የሞት ቁጥርም ሃሎቴን ከሌሎቹ የከፋ አልነበረም።

ጥቂት ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ሰውነት ወደ ውስጥ ከገባው ሃሎቴን 20 በመቶ ያህሉን በጉበት ይሰብረዋል፤ ከስባሪው የተነሣ በአንዳንድ ሰው ላይ የሰውነት መከላከያ ጉበቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይነሣበታል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ መውሰድና ውፍረት አደጋውን ይጨምራሉ። አይሶፍሉሬን በሚባለው ኋላ የመጣ ማደንዘዣ የሚሰበረው ግን 0.2 በመቶ ብቻ ነው። በአገራችንም ሃሎቴን ለረጅም ዘመን ዋናው ስለነበር፣ ከዚህ በፊት ተደንዝዛችሁ በቀናት ውስጥ ትኩሳትና ቢጫነት ታይቶባችሁ ከሆነ ሳትጠየቁም ተናገሩ። ለባለሙያው ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

እንደ እውነቱ፣ የጉበት ስብ ያለበት ሰው ሲመጣ እኔን የሚያሳስበኝ ጉበቱ ሳይሆን ከጉበቱ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው። አንገቱ ወፍራም ነው ወይ? ሌሊት እያንኮራፋ ትንፋሹ ይቆማል ወይ? ያልታወቀ ስኳር ወይም ግፊት አለበት ወይ? በኦፕራሲዮን ጊዜ ጉበትን በብዛት የሚጎዳው ከመድኃኒቱ ይልቅ ደም መፍሰስ፣ የግፊት መውረድና የኦክስጅን ማነስ ነው፤ እነዚህን መጠበቅ ደግሞ ዕለታዊ ሥራችን ነው።

ሲሮሲስ ግን ሌላ ነገር ነው። ጉበቱ በጠባሳ ተሞልቶ፣ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ፣ ደሙ አልረጋ ሲል ኦፕራሲዮን በእርግጥ ያስፈራል። የቆዩት ጥናቶች የሆድ ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው የሲሮሲስ ሕሙማን ቀላል ደረጃ ላይ ካሉት ከ100 ወደ 10፣ መካከለኛ ላይ ካሉት ወደ 30፣ ከባድ ላይ ካሉት ከ70 በላይ እንደሞቱ መዝግበዋል። ስብንና ሲሮሲስን ማደባለቅ ኩርፊያን ከፍቺ ጋር ማደባለቅ ነው።

«ጫት ቅጠል ነው፤ ለሐኪም የሚነገር አይደለም»

የሚነገር ነው። ጫት ልብን ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የጨጓራን ባዶ መሆን ያዘገያል፤ ሦስቱም ለሰመመን ባለሙያ ትልቅ ነገሮች ናቸው። ለጉበቱም ቢሆን፣ በሐረር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት ከሚቅሙ ሰዎች ጋር ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ በብዛት ተያይዞ እንደሚገኝ አሳይቷል። እኔ ፖሊስም የአባወራው ሽማግሌም አይደለሁም። «ትናንት ከሰዓት ቅሜያለሁ» ያለኝን ሰው የምገሥጽበት ምክንያት የለኝም፤ መድኃኒቴን የማስተካክልበት እንጂ።

«ቡና ጉበት ያደርቃል»

ጅማ ላይ ይህን ማለት ድፍረት ነው፤ ቢሆንም ይባላል። ብዙ ጥናቶች ያሳዩት ተቃራኒውን ነው፦ ቡና ጠጪዎች ላይ የጉበት ጠባሳ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ደስታችሁን ማጨለም ባልፈልግም፣ እነዚህ በአብዛኛው ሰውን ከሩቅ የተመለከቱ ጥናቶች ናቸው። ምናልባት የታመመው ሰው ቡና አስጠልቶት ትቶ ይሆናል። መድኃኒት ነው ለማለት አይበቃም፤ ስኒው ውስጥ የሚገባው ስኳር ደግሞ የተለየ ክስ አለበት።

ከኦፕራሲዮን በፊትስ? ወተት ያልገባበት ጥቁር ቡና እንደ ውኃ ስለሚቆጠር፣ በዓለም አቀፉ መመሪያ ለሰመመኑ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። ወተት ከገባበት እንደ ቀላል ምግብ ለ6 ሰዓት ያህል ይጠበቃል። የእናንተው ባለሙያ ከዚህ የጠበቀ ካዘዘ የእርሱን ስሙ። ችግሩ ቡናው ሳይሆን ጠጥቶ «ምንም አልቀመስኩም» ማለቱ ነው፤ ጨጓራ ውስጥ ያለ ነገር በሰመመን ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

«የጀርባ መርፌ ወገብ ያስቀራል»

ከወገብ በታች ለማደንዘዝ የሚሰጠው ይህ መርፌ የሚገባው ዋናው ሕብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ነው። ለጥቂት ቀናት ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፤ ለዓመታት የሚዘልቅ የወገብ ሕመም ግን የእርሱ ሥራ እንደሆነ አልተረጋገጠም።

«ጥናት ማለት በእኛ ላይ መሞከር ነው»

ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ የሰመመን ባለሙያዎችም ይሠለጥኑባታል። ስለዚህ ቅጽ ይዞ አልጋ አጠገብ የሚመጣ ተማሪ አይጠፋም። አብዛኛው የሚፈልገው ጥያቄ መጠየቅ ወይም የሕክምና መዝገብ ማየት ብቻ ነው። መድኃኒት የሚያነጻጽር ጥናት ሲሆን ማን የትኛውን እንደሚወስድ በዕጣ ይደለደላል። ነገሩ እንደ ዕቁብ ነው፤ ሰብሳቢው ለወዳጁ እንዳያዳላ ዕጣው ይወስናል። ሐኪሙ የትኛው እንደሚሻል በእርግጥ ቢያውቅማ ጥናቱ ባላስፈለገ ነበር።

በሰው ላይ ለሚደረግ የሕክምና ጥናት ደንብ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ወጥቶ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ የተሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫ ዛሬ የሚለው ግልጽ ነው፦ ጥናቱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ይታያል፣ ሰውየው ተረድቶ ይስማማል፣ ባሰኘው ጊዜ ይወጣል፣ እምቢ ማለቱም ሕክምናውን አይነካበትም። በ2024 ሲሻሻል በጥናት ላይ ያሉ ሰዎችን ሁሉ «ተሳታፊ» ብሏቸዋል። መረዳት ማለት ደግሞ በሚገባ ቋንቋ ነው፤ አፋን ኦሮሞ ለሚናገር ሰው በአማርኛ ቅጽ ጣት ማስነከር ስምምነት አይባልም።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ፤ «ጥናት ውስጥ ከገባሁ የተሻለ ሕክምና አገኛለሁ» የሚል። ጥናት የሚደረገው ለነገው ሕመምተኛ ዕውቀት ለመሰብሰብ ነው፤ ለዛሬው ተሳታፊ ጥቅም ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል።

የአጋሮዋም እናት በዚያው ማታ ከኦፕራሲዮን በኋላ ስለሚመጣ ማቅለሽለሽ በሚደረግ ጥናት እንዲሳተፉ ተጠይቀው ነበር። በኦሮምኛ ሲነበብላቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «እኔን ይጠቅመኛል?» አሉ። ላይጠቅምዎት ይችላል አልኳቸው። «እንግዲያው ይቅርብኝ።» ቅጹ ባዶውን ተመለሰ፤ እርሳቸው በማግስቱ በተራቸው ገቡ። ከሰዓት በኋላ ሲነቁ የአልትራሳውንዱ ወረቀት ከካርዳቸው ጋር ተያይዞ ነበር፤ መጀመሪያ የጠየቁት ግን ስለ እርሱ ሳይሆን ቡና መቼ እንደሚፈቀድላቸው ነው።