የአማራጭ ኮሚክስ ሠዓሊዎች ውስን ህትመቶችና ዕቃዎች

ኮሚክስ (በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ቶሎ ድቅን የሚለው ካባ ለብሶ የሚበር ጀግና ነው። የእሱ ቲሸርት፣ ቦርሳና አሻንጉሊት በገፍ ስለሚመረት የትም ይገኛል። አማራጭ ኮሚክስ የሚባለው ጎራ ሌላ ዓለም ነው። አንድ ሰው ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይስላል፣ የሥራውም ባለቤት ራሱ ነው። አንባቢው ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ የሚገኘው ገንዘብ የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም። ስለዚህ ሠዓሊዎቹ ከመጽሐፋቸው ጎን ለጎን በትንሽ ቁጥር የሚያወጧቸው ነገሮች አሉ፦ በእጅ የታተመ ፖስተር፣ ቁጥርና ፊርማ ያለበት ሥዕል፣ የካርድ ስብስብ፣ ስቲከር፣ ቲሸርት፣ አንዳንዴም አሻንጉሊት። እኔ እነዚህን ከመጽሐፉ እኩል ነው የማያቸው። ለምን እንደሆነ ታሪኩ ራሱ ያሳያል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ሳን ፍራንሲስኮ ነው። በ1968 ሮበርት ክራምብ የተባለ ሠዓሊ ዛፕ የሚል ኮሚክ ሲያወጣ መጽሔቱን በሕፃን ጋሪ ጭኖ ሄይት በሚባለው ጎዳና ላይ ነበር የሸጠው። እዚያው መጽሔት ውስጥ ትልልቅ ጫማ ያደረጉ ሰዎች ወደ ኋላ ተለጥጠው ሲራመዱ የሚያሳይ ሥዕል ነበረ፣ ኪፕ ኦን ትራኪን የሚል። ይህ ሥዕል በ1970ዎቹ አሜሪካን አጥለቀለቃት። ቲሸርት ላይ፣ ፖስተር ላይ፣ የከባድ መኪና ጭቃ መከላከያ ላይ ሳይቀር ታተመ፤ አብዛኛውም ያለ ሠዓሊው ፈቃድ። ክራምብ ለመብቱ ፍርድ ቤት መመላለስ ነበረበት። ከእሱ በኋላ የመጡት ሠዓሊዎች ዕቃቸውን ራሳቸው፣ ወይም በሚያምኑት ትንሽ አሳታሚ በኩል ማውጣት የመረጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ክራምብ ራሱም በኋላ የድሮ የብሉዝ ሙዚቀኞችን የሳለባቸው 36 ካርዶች በትንሽ ሳጥን ሆነው በ1980 ወጥተዋል፤ እስከ ዛሬ ሰው ይሰበስባቸዋል።

በዚያው በ1980 ኒው ዮርክ ውስጥ የኮሚክ ሠዓሊው አርት ስፒግልማንና ባለቤቱ ፍራንስዋዝ ሙሊ ሮው የተባለውን መጽሔት ጀመሩ። ሙሊ ማተሚያ ማሽን ገዝታ መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ተክላ ነበር። የመጽሔቱን ልዩ ልዩ ክፍሎች ሰዎች ተሰብስበው በእጃቸው ነበር የሚያስገቡትና የሚለጥፉት። በሁለተኛው ቁጥር ውስጥ ከነማስቲካው የካርድ ስብስብ ነበረ። በ1985 የወጣው ሰባተኛ ቁጥር ደግሞ የእያንዳንዱ ቅጂ ሽፋን ጥግ በእጅ ተቀዷል፤ የተቀደደ ቁራጭም ውስጡ በፕላስተር ተለጥፏል። ሁለት ቅጂ አንድ ዓይነት አይደለም ማለት ነው። ጂምቦ የተባለው የሠዓሊው ጋሪ ፓንተር ኮሚክም በ1982 በዚሁ መጽሔት ስም ሲወጣ ሽፋኑ የካርቶን ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ትልቅ ማተሚያ ቤት ልሥራው ቢል አያዋጣውም። የእጅ ሥራ ነው፣ ጊዜ ይበላል።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም የቁጥሩ ማነስ ከዚህ ነው የሚመጣው። ብዙዎቹ ፖስተሮች የሚታተሙት በስክሪን ፕሪንት ነው፤ እኛ ሀገር ቲሸርት ላይ አርማ የሚያትሙ ቤቶች የሚጠቀሙበት ያው ዘዴ። ፍሬም ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅ ብርሃን ሲነካው የሚደርቅ ኬሚካል ይቀባል፣ ሥዕሉ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ክፍት ይቀራል፣ ከዚያ ቀለሙ በጎማ እየተገፋ ወረቀቱ ላይ ያልፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፍሬም ያስፈልጋል። አምስት ቀለም ያለው ፖስተር በ200 ቅጂ ለማተም 1,000 ጊዜ መግፋት ነው፣ በመሃል የሚበላሸውን ሳንቆጥር። ቀለሙ ወፍራም ሆኖ ወረቀቱ ላይ ስለሚቀመጥ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ሲያልቅ ሠዓሊው በእርሳስ ይፈርምና ቁጥር ይሰጠዋል። 37/150 ካለ፣ ከ150ዎቹ 37ኛው ነው። ኤ.ፒ. የሚል ምልክት ካለበት ደግሞ ሠዓሊው ለራሱ ካስቀራቸው ጥቂት ቅጂዎች አንዱ ነው።

ይህ ዘዴ ከኮሚክስ ጋር እንዴት እንደተዋሐደ ለማየት ሁለት ቦታዎች ይበቃሉ። አንዱ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ ከተማ የነበረው ፎርት ተንደር ነው። ከ1995 ጀምሮ እንደ ማት ብሪንክማንና ብራያን ቺፔንዴል ያሉ ወጣት ሠዓሊዎች አሮጌ የፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ አብረው እየኖሩ ኮሚክ ይሠሩ ነበር፣ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር፣ የኮንሰርቶቻቸውን ፖስተርም እዚያው ያትሙ ነበር። ፖስተሮቹ የግድግዳ ማስታወቂያ ነበሩ፤ ዝናብ የሚያበላሻቸው፣ ሰው የሚገነጥላቸው። ነዋሪዎቹ በ2001 ወጡ፣ ሕንፃውም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። በ2006 ግን የከተማው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሙዚየም እነዚያኑ ፖስተሮች ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። እነዚህ ልጆች ቀለም ሲደራርቡ የሠሩት ነገር በኮሚክ ገጻቸው ላይ ካለው ምንም አያንስም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ይበልጣል።

ሁለተኛው «ለ ዴርኒዬ ክሪ» የተባለው ማተሚያ ቤት ነው። ፓኪቶ ቦሊኖና ካሮሊን ሱሪ በ1993 የመሠረቱት፣ ፈረንሳይ ማርሴይ ውስጥ በድሮ የትምባሆ ፋብሪካ ግቢ የሚሠራ ቤት ነው። ከብዙ አገር የመጡ ሠዓሊዎችን ሥራ ከፖስተር አልፎ ሙሉ መጽሐፍ አድርጎ በስክሪን ፕሪንት ያትማል፤ በጥቂት መቶ ቅጂ ብቻ። ሥዕሎቹ ጨካኝና አስፈሪ ናቸው፣ ለሁሉም ሰው አይደሉም። የቀለሙን ድምቀት ግን ሌላ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ትልልቅ ኩባንያዎችም በዚህ ጎራ አልፈዋል። ኮካ ኮላ በ1990ዎቹ አጋማሽ ኦኬ ሶዳ የተባለ ለስላሳ ለሙከራ ሲያወጣ ጣሳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ያሠራው የአማራጭ ኮሚክስ ሠዓሊዎቹን ዳንኤል ክላውስንና ቻርልስ በርንስን ነው። መጠጡ አልተሸጠለትም፣ በ1995 ቀረ። ባዶ ጣሳዎቹን ግን ዛሬ ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸዋል። ፕሬስፖፕ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ደግሞ የክላውስንና የሌላውን የኮሚክ ሠዓሊ የክሪስ ዌርን ገጸ ባህሪያት አሻንጉሊት አድርጎ ሠርቷል፤ ሳጥኑ ጭምር በጥንቃቄ የተሠራ ነው።

ባለፉት ዓመታት ብዙ ወጣቶች ወደ ሪሶግራፍ ዞረዋል። ለቢሮና ለትምህርት ቤት ተብሎ ጃፓን የተሠራ ማባዣ ማሽን ነው፣ አንድ ቀለም በአንድ ጊዜ የሚያትም። ቀለሞቹ አንዳንዴ ትንሽ ይዛነፋሉ፣ እጅ ላይም ይለቃሉ። ከስክሪን ፕሪንት በጣም ስለሚፈጥንና ስለሚረክስ ግን ጀማሪ ሠዓሊም 100 ቅጂ አሳትሞ ገበያ መውጣት ይችላል። ቶሮንቶ ያለው ከለር ኮድ የተባለ ማተሚያ ቤት በዚህ ሥራ የታወቀ ነው።

ገንዘቡ ለአሳታሚዎችም ቁም ነገር ነው። የሲያትሉ ፋንታግራፊክስ በ2013 ከመሪዎቹ አንዱ ኪም ቶምሰን ከሞተ በኋላ ሲቸግረው ወደ አንባቢዎቹ ዞረ። ፊርማ ያለባቸው መጻሕፍትና ሌሎች ልዩ ነገሮችን አቅርቦ ኪክስታርተር በተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ አሰባሰበ።

ቁጥሩን ለወሬ ብቻ የሚገድቡም አሉ። በኮምፒውተር ፕሪንተር የወጣ ምስል በፈለጉት ሰዓት ሊደገም ይችላል። በ50 ቅጂ ተገድቧል ብሎ ዋጋውን ከፍ ማድረግ፣ በዓመቱ ደግሞ መጠኑን ቀይሮ እንደገና መሸጥ፣ ለእኔ ገዢን ማታለል ነው። ስለዚህ ስትገዙ በምን እንደታተመ፣ ስንት ቅጂ እንደሆነ፣ ፊርማው በእጅ መሆኑን ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ከራሱ ከሠዓሊው ጠረጴዛ መግዛት ነው። ሜሪላንድ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከ1994 ጀምሮ የሚካሄደው ስሞል ፕሬስ ኤክስፖ የተባለ የኮሚክስ ባዛር ቤተስዳ አካባቢ ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ። ብዙ ጊዜ መስከረም ገባ ሲል ይከፈታል። ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ጠረጴዛቸው ላይ ቁጭ ብለው ይሸጣሉ፣ ብትጠይቋቸውም አሠራሩን ያስረዷችኋል።