የእንግሊዝኛ ትምህርት በጎንደር

ጎንደር ለሰዋስው እንግዳ አይደለችም። የቅኔ ተማሪ የግእዝን ግስና እርባ ቅምር (የግስ አረባብ ሥርዓት) በቃሉ ሲይዝ የኖረባት ከተማ ናት። እንግሊዝኛ ግን ከተማዋን የለመደው በድርሰትና በግጥም ሳይሆን በጤና ትምህርት በኩል ነው።

ጣሊያን በ1934 ዓ.ም. ጎንደርን ከለቀቀ በኋላ እንግሊዝኛ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ቦታ ያዘ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1947 ዓ.ም. ነው። በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በጎንደር ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት አግዘውታል። ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች አብረው ሠለጠኑበት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ሥራው ደግሞ በገጠር ነበር። ተማሪው የወባን አመጣጥ በእንግሊዝኛ አጥንቶ ለገበሬው በአማርኛ ማስረዳት ነበረበት። ሥልጠናው ሁለቱንም ቋንቋ ይፈልግ ነበር። ኮሌጁ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ከ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የፒስ ኮር (የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት) መምህራን ወደ አገሪቱ ሲገቡ ጎንደርም ድርሻዋን አግኝታለች። በደርግ ዘመንም እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኖ ቀጠለ።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ ልጆች እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምረው እንደ አንድ ትምህርት ይማራሉ። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ሽግግሩ ድንገተኛ ነው የሚሉ አሉ፤ ተማሪው ይለምደዋል የሚሉም አይጠፉም። እውነቱን ለመናገር ብዙ ልጅ እዚያ ላይ ይደናገጣል።

ሰዋስው ላይ የሚያስቸግሩት ነገሮች የታወቁ ናቸው። «መጽሐፉን ገዛሁ» ስንል ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ የታወቀ ነገር መሆኑንም የቃሉ ጭራ ይነግረናል። እንግሊዝኛው ግሱን ወደ መሃል ያመጣና «ዘ» (the) የምትለዋን ከስሙ ፊት ያስቀምጣል። ስለዚህ «ዘ»ን መርሳት ወይም ያለ ቦታዋ መደንቀር የተለመደ ነው። አነጋገር ላይም «ስኩል» «እስኩል» ይሆናል።

የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ይሰጣል። ተማሪዎቹ ከሰዋስውና ከድርሰት አጻጻፍ አልፈው አጭር ልቦለድ፣ ግጥምና ድራማ ይተነትናሉ። አብዛኞቹ የሚያስቡት መምህርነትን፣ ሕዝብ ግንኙነትን ወይም ሚዲያን ነው።

ከክፍል ውጭ ደግሞ ፋሲል ግቢ አለ። በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ ቅርስ እንግሊዝኛን የዕለት እንጀራ አድርጎታል። አስጎብኚ ስለ ቅስት፣ ስለ ግንብ አጥርና ስለ ነገሥታቱ ተራ ሳይደናቀፍ ማስረዳት አለበት። ይህን የቃላት ሀብት የትምህርት ቤት መጽሐፍ ብቻውን አይሰጥም።